ለአሮጌው ካራ አዲስ እጀታ

በአዲስ አበባ ከተማ ውስጥ እጀታው የወለቀ ቢላዋ የሌለበት ማድ ቤት ይገኛል ብሎ መናገር ያስቸግራል። አንዱ በጨርቅ ተጠምጥሞ፣ አንዱ በፌስታል ተጠቅልሎ በጎማ ታስሮ፣ አንዱም ራቁቱን በመሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ይገኛል። የቤቱ እመቤት ለበዓል ሥጋ ሲመተር ወይም ሽንኩርት ሲከተፍ እሱኑ አንሥታ፣ ከስለቱ ይልቅ እጀታውን እየፈራች ትሠራበታለች። መፍራቷም ልክ ነው፤ ቢላዋ በእርጥብ እጅ ውስጥ ዞረ ማለት ስለቱ ያልታሰበበት ቦታ አረፈ ማለት ነውና። በጓሮ በኩል ያለው መጥረቢያ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። ዛቢያው በላላ መጥረቢያ ፍልጥ ሲፈለጥ ብረቱ ወልቆ ወዴት እንደሚሄድ ማንም አያውቅም፤ በአጠገቡ ልጆች ቆመው የሚያዩ ከሆነማ ነገሩ የእንጨት ጉዳይ መሆኑ ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚደረገው ምንድን ነው? ቆራሌው በደጅ ሲያልፍ ይጠራና ካራው በአሮጌ ብረት ዋጋ ይሰጠዋል። ካራው ግን ምንም አልሆነም። እናት ለልጇ ያወረሰችው፣ ሃያና ሠላሳ ዓመት ተስሎ ገና ያላለቀ ጥሩ ብረት ይሆናል። ያረጀው አንድ ስንዝር የማይሞላው እንጨት ብቻ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህንን እንጨት ሠርቶ መተካት ከዚህ በፊት መዶሻ ጨብጠው ለማያውቁ ለእርስዎም ቢሆን የሚቻል ሥራ ነው። እጅን የሚጠይቀው ሁለት ከሰዓት በኋላ ቢሆን ነው። ትዕግሥትን የሚጠይቀው ግን ከዚያ ይበልጣል፤ ለምን እንደ ሆነ ወደ ፊት እናየዋለን።

ሥራውን ለመጀመር ከኮልፌ ቀራንዮ የተመቸ ሰፈር ያለ አይመስለንም። ከመርካቶ በስተ ምዕራብ የተያያዘ ስለ ሆነ፣ አሮጌው ብረት እንደ ገና ከሚወለድበት ከምናለሽ ተራ ሩቅ አይደለም። በዚያ የመኪና ባሌስትራ በባለ እጁ መዶሻ ሥር ገብቶ መጥረቢያና ካራ ሆኖ ይወጣል። በኮልፌ በራሱም ውስጥ አጠና ተራ የሚባል ሰፈር አለ፤ ስሙን ያገኘው ለቤት መሥሪያ ከሚሸጠው የባሕር ዛፍ አጠና ነው። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ጥድና ወይራ በማገዶና በቤት ሥራ እያለቀ ስለ ሄደ፣ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1880ዎቹ ዓ.ም. ባሕር ዛፍ ከውጭ አገር መጥቶ ተተከለ። የኮልፌ ሰው ዛሬ በእጁ የሚያገኘው እንጨት ከሁሉ አስቀድሞ ባሕር ዛፍ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ነገር ለሥራችን ጥቅምም ጣጣም አለው።

በእጅ መሥራትን እንደ ውርደት የሚቆጥር አንባቢ ካለ አንድ ነገር እናስታውሰው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት ዐዋጅ፣ በእጁ ሠርቶ የሚያድረውን ሰው በሥራው ስም መስደብን ከልክለው ነበር። ስድቡ በዐዋጅ ወዲያው ባይጠፋም ነገሩ ያኔ በግልጽ ተነግሯል። እጀታ መግጠም ራሱስ ቢሆን ከማናቸውም የተከበረ ሥራ ይልቅ ጥንታዊ አይደለምን? በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ በገደሞታ የተገኙት የባልጩት ጫፎች ዕድሜያቸው ከ279 ሺህ ዓመት በላይ ሲሆን፣ ሊቃውንት በመረመሯቸው ጊዜ በእንጨት ላይ ተተክለው የተወረወሩ መሆናቸውን የሚያሳይ ምልክት አግኝተውባቸዋል። እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስም በጋሞና በኮንሶ ቆዳ የሚፍቁ ባለሙያዎች የድንጋዩን ስለት በእንጨት እጀታ ላይ በሙጫ ተክለው ሲሠሩበት ታይተዋል። እንግዲህ እርስዎ ዛሬ የሚጀምሩት ሥራ አገር በቀል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አዲስ ሠሪ ሁሉ የሚያስበው ስለ መብሳቱና ስለ መጥረቡ ነው። እጀታው የሚጸናው ወይም የሚከዳው ግን ገና መጋዝ ሳይነሣ፣ እንጨቱ በተመረጠበት ቀን ነው።

እንጨት ከተቆረጠም በኋላ ዝም ብሎ የሚተኛ ነገር አይደለም። እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። በርዝመቱ በኩል ያለው ለውጥ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በውፍረቱ ግን በደንብ ይታያል፤ የዕድሜ ቀለበቶቹን ተከትሎ በዙሪያው የሚኮማተረው፣ ከመሐሉ ወደ ቅርፊቱ ባለው አቅጣጫ ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ነው። ድፍን አጠና በፀሐይ ሲደርቅ ከዳር እስከ መሐሉ የሚተረተረው በዚህ የተነሣ ነው። ብረቱ ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ እንጨትና ብረት ሲጋቡ ጠቡ አይቀርም፤ ጠቡም ሁለት ዓይነት ነው። በካራና በማጭድ እንጨቱ ብረቱን ያቅፋል፤ እርጥብ ሆኖ ከተገጠመ ሲደርቅ መኮማተር ይፈልጋል፣ ውስጡ ያለው ብረት አላስጠጋ ስለሚለው ይሰነጠቃል። በመጥረቢያ ደግሞ ብረቱ እንጨቱን ያቅፋል፤ እርጥቡ ዛቢያ ሲደርቅ ከቀዳዳው ያንሳል፣ ብረቱም ይላላል። የመጀመሪያው እጀታን ያሳጣል፤ ሁለተኛው ሰው ይገድላል።

በሐምሌ ዝናብ ከአጠና ተራ አንድ እርጥብ አጠና ገዝተው በዚያው ሳምንት ዛቢያ ቢያደርጉት ምን እንደሚሆን ከዚህ መገመት ይቻላል። እስከ መስከረም እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ሠሪውም በሥራው ይኮራል። የጥቅምት ነፋስ ሲመጣ መንቃጨል ይጀምራል፤ በጥር ወር አንዱ ቀን ላይ ብረቱ ይበራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደርገውን አንድ ነገር ሳንነቅፍ አናልፍም። መጥረቢያው ሲላላ በባልዲ ውሃ ነክሮ ማሳደር የተለመደ ነው። በማግሥቱ በእርግጥ ጠብቆ ይገኛል። ነገር ግን እንጨቱ ሲያብጥ ብረቱ እንዳይሰፋ ስለሚከለክለው የገዛ ራሱን ሥር ይጨፈልቃል፤ የተጨፈለቀው እንጨት ሲደርቅ ከበፊቱም ያነሰ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በተነከረ ቁጥር የባሰ ይላላል። ይህ መድኃኒት ሳይሆን ብድር ነው፤ ያውም በአራጣ።

እንግዲህ ደረቅ እንጨት ከየት ይገኛል? ቀላሉ መንገድ ሌላ ሰው ያደረቀውን መፈለግ ነው። በየቤቱ የተሰበረ ዘነዘና፣ የወላለቀ የወንበር እግር፣ ባለቤቱ የሞተበት አሮጌ ዱላ አይጠፋም። በተለይ ዘነዘናው ወይራ ከሆነ ሀብት አገኙ ማለት ነው። ወይራ ከባድና ጠንካራ፣ ሥሩ የጠበቀ፣ በራሱ ቅባት የሚያበራ እንጨት ነው። ከገበያ ለጋን ማጠኛ ከሚሸጠው የወይራ ፍልጥ መካከልም ቀና ያለውንና ሰንጥቅ የሌለበትን መርጦ ለቢላዋ እጀታ የሚበቃ ቁራጭ ማግኘት ይቻላል፤ ሻጯ ለእሳት የማይመች እንጨት ለምን እንደመረጡ ትጠይቅዎ ይሆናል። ክትክታ ግንዱ ቀጭን ቢሆንም ለማጭድና ለትንሽ ቢላዋ እጅግ ጥሩ ነው። ዋንዛ ለጠረጴዛና ለከበሮ ያማረውን ያህል ለመጥረቢያ አይሆንም፤ ልስልስ ነው። ጥድ መዓዛው ደስ ቢያሰኝም በቀላሉ ይሰነጠቃልና ይተዉት።

ባሕር ዛፍ ለዛቢያ የሚሆን ጥንካሬ አለው። ጣጣው ሲደርቅ ከሌሎች አብልጦ መኮማተሩና መሰንጠቁ ነው። ስለዚህ ከአጠና ተራ ሲገዙ ቀጥ ያለውንና ጉጥ ያነሰበትን ይምረጡ። በቤትዎ ከሚፈልጉት ርዝመት አንድ ስንዝር አስበልጠው ይቁረጡትና፣ በመጋዝ ሳይሆን በመጥረቢያና በሽብልቅ ለአራት ይፍለጡት። መጋዝ የእንጨቱን ሥር አቋርጦ ይሄዳል፤ ፍልጥ ግን ሥሩን ተከትሎ ይወርዳል፣ ሥሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልተቋረጠ እንጨትም በቀላሉ አይሰበርም። ውሃው ቶሎ የሚወጣው በሁለቱ ጫፎች በኩል ስለ ሆነ፣ ጫፎቹን በቀለጠ ሻማ ወይም በተረፈ የዘይት ቀለም ይድፈኗቸው። ከዚያም ፀሐይ በማያገኘው፣ ነፋስ ግን በሚያልፍበት ቦታ ያስቀምጡት።

እስከ መቼ? በልማድ የሚነገረው ለሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ነው። ከልማዱ ይልቅ ግን ሚዛን ማመን ይሻላል። እንጨቱን በሰፈርዎ ባለ ሱቅ ሚዛን ላይ አስመዝነው ቁጥሩን በላዩ ላይ በእርሳስ ይጻፉ። በየሁለት ሳምንቱ እንደዚሁ ያድርጉ። እርጥብ እንጨት በየጊዜው ይቀልላል፤ በበጋው ወራት ሦስት ጊዜ ተመዝኖ ክብደቱ አንድ ዓይነት ሆኖ የተገኘ ዕለት ውሃው አልቋል። ባለ ሱቁ መሳቁ አይቀርም፤ ይሳቅ።

እንጨቱ ከደረቀ በኋላ ያለው ሥራ አጭር ነው። ከካራው እንጀምር። ካራው ወደ እጀታው የሚገባ ቀጭን ጫፍ አለው፤ እዚህ ላይ ጭራ እንበለው። አሮጌውን እንጨት ፈልጠው ካወጡ በኋላ የጭራውን ዝገት በሞረድ ያጽዱ። ስለቱን በወፍራም ጨርቅ ጠምጥመው ይሰሩት፤ ካራ ሲሠራበት ከሚቆርጠው ይልቅ ሲጠገን የሚቆርጠው ያሳፍራል።

አዲስ ሠሪ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። እጀታውን መጀመሪያ አሳምሮ ይጠርበውና በኋላ ይበሳዋል። ቀዳዳው ጥቂት ከዘመመ ያ ሁሉ ማማር ከንቱ ይሆናል። የሚሻለው አራት ማዕዘን የሆነውን እንጨት እንዳለ መብሳት፣ ቀዳዳው ወዴት እንዳዘነበለ ማየት፣ ከዚያም እጀታውን በቀዳዳው ዙሪያ መጥረብ ነው። ለቤት ካራ አሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመትና ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ይበቃል። በሞርሳ አስይዘው በትራፓኖ ሲበሱ፣ ፑንታው ከጭራው ውፍረት የቀጠነ ይሁን። ቀዳዳው የሚወስደው መንገዱን ለማሳየት ብቻ ነው፤ ቦታውን የሚያሰፋው ጭራው ራሱ ነው።

እንዴት ቢሉ በእሳት ነው። ይህ የባለ እጆች የቆየ ዘዴ ነው። ስለቱን በእርጥብ ጨርቅ ደጋግመው ይጠቅልሉ፤ ሙቀቱ ወደ ስለቱ ከደረሰና ብረቱ ሰማያዊ ቀለም ካወጣ ጥንካሬው ሄዷል፣ ሞረድም አይመልሰውም። ከደጅ የከሰል ምድጃ አቀጣጥለው፣ ውሃ በአጠገብዎ አስቀምጠው፣ ጭራውን ብቻ ጠቆር ያለ ቅላት እስኪያወጣ ያግሉት። በጉጠት ይዘው ወደ ቀዳዳው ቀጥ አድርገው ይግፉና እስከ ሦስት ቆጥረው ያውጡት። ጢሱ ይበዛል፤ አይደንግጡ። ከሰል የሆነውን አራግፈው እንደ ገና ያግሉ። ሦስት አራት ጊዜ ሲደጋገም ቀዳዳው የጭራውን መልክ ይይዛል። ነገር ግን የጋለውን ብረት በእንጨቱ ውስጥ አቆይቶ ማሰንበት ክፉ ነው፤ በዙሪያው የከሰል ሽፋን ያበዛል፣ ከሰልም ምንም ነገር አይዝም። መጨረሻ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ሳይቃጠል ይተዉ። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ይህችን የቀረችውን በመዶሻ ታስገቧታላችሁ፤ አጥብቃ የምትይዘውም እሷ ናት።

ምድጃና ጉጠት ከሌለዎ ካራውንና የተበሳውን እንጨት ይዘው ወደ ምናለሽ ተራ መውረድ ነው። «ጋሼ፣ እባክዎ ይህችን ጭራዋን ብቻ ያግሉልኝ» ቢሉት የማይተባበር ባለ እጅ ጥቂት ነው፤ ቆመው ሲያዩ የሚማሩትም ከጽሑፍ ከሚማሩት ይበልጣል።

ጭራው ለመጨረሻ ጊዜ ከመግባቱ በፊት የእጀታው አፍ በቀለበት መታሰር አለበት፤ አለዚያ በመዶሻው ጊዜ ይሰነጠቃል። አንድ ጣት የሚያህል የመዳብ ቧንቧ ቁራጭ ጥሩ ቀለበት ይሆናል። አፉን በክቡ ጠርበው ቀለበቱ በግድ እንዲገባ ያድርጉ። በቀዳዳው ውስጥ በሁለት ቱቦ የሚሸጠውን፣ ተቀላቅሎ የሚደርቀውን ሙጫ ጥቂት ይጨምሩ። ሙጫው ከሚሰጠው ኃይል ይልቅ የምንፈልገው ውሃ እንዳይገባ መከልከሉን ነው፤ የማድ ቤት ቢላዋ የሚሞተው ዕቃ ሲታጠብ ውሃ በጭራው በኩል ገብቶ ብረቱን አዝጎ እንጨቱን ሲያበሰብሰው ነውና። ስለቱን በሁለት እንጨት መካከል በሞርሳ አጣብቀው፣ እጀታውን ከላይ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያሉ ይምቱት። በማግሥቱ የእጀታውን መልክ ይጥረቡ፤ ክብ ሳይሆን ሞላላ ይሁን። ክብ እጀታ በእጅ ውስጥ ይዞራል፤ ሞላላው ግን ስለቱ ወዴት እንደዞረ በጨለማም ቢሆን ለእጅ ይናገራል።

ጭራው እንደ እጀታው ሰፊ የሆነና ቀዳዳ ያለው ቢላዋ ከሆነ ሥራው ይቀላል፤ ሁለት ጠፍጣፋ እንጨት በግራና በቀኝ አድርጎ በመዳብ ሽቦ ችንካር ማያያዝ ነው። ችንካሩን በብዙ ትናንሽ ምት እንጂ በአንድ ትልቅ ምት አይጨርሱት።

የመጥረቢያው ዛቢያ ደግሞ እንዲህ ነው። የተፈለጠውን እንጨት ከጫፉ ሲመለከቱት የዕድሜ መስመሮቹ ከስለቱ ጋር በአንድ አቅጣጫ እንዲሆኑ አድርገው ይጥረቡ። ጫፉን እያመሳሰሉ በሞረድ ቀንሰው በቀዳዳው ልክ ያድርጉት፤ በእጅ ተገፍቶ በሙሉ የሚገባ ከሆነ ቀጥኗል። በጫፉ ላይ የቀዳዳውን ጥልቀት ሁለት ሦስተኛ ያህል በመጋዝ ይሰንጥቁ፤ ይህ የሽብልቁ ቦታ ነው። ብረቱን ካጠለቁ በኋላ ዛቢያውን በአየር ላይ፣ ብረቱን ወደ ታች አድርገው ይያዙና የዛቢያውን ጭራ ከላይ በእንጨት መዶሻ ይምቱ። ብረቱ በራሱ ክብደት ወደ ላይ ሲወጣ ያያሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያየው ሰው እንደ አስማት ነው። ዛቢያው ከብረቱ አልፎ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ይታይ። ከዚያም ከደረቀ ወይራ የተጠረበ ሽብልቅ በስንጥቁ ውስጥ አልገባም እስኪል ይመታል፤ የዛቢያውንም ራስ እንደ ጥፍር ይከፍተዋል። የዶማ ነገር የተለየ ነው፤ ዛቢያው ከላይ ስለሚገባና ራሱ ወፍራም ስለ ሆነ በተወዛወዘ ቁጥር ይጠብቃል እንጂ አይላላም፣ ሽብልቅም አያስፈልገውም።

ገበሬው ከዚህ ሌላ ጠፍር የሚባል ረዳት አለው። እርጥብ ጠፍር ሲደርቅ ስለሚኮማተር ያሰረውን ሁሉ ያንቃል፤ እንጨት የሚከዳበት ነገር ለጠፍር ኃይሉ ነው። አፉ መሰንጠቅ ለጀመረ የማጭድ እጀታ ወይም ዛቢያ ይህን የሚያህል የለም። ለማድ ቤት ካራ ግን ይቅር፤ ሥጋና ሽንኩርት የነካው ጠፍር አይታጠብም።

የመጨረሻው ሥራ ማለስለስ ነው። የብርጭቆ ስባሪ በጥንቃቄ ይዘው ቢፍቁት ይላጫል፤ ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት ያሹት። ቅቤ አይቀቡት፤ ይገማል። የተልባ ዘይት በጨርቅ እያሹ በሦስት ቀን ልዩነት ሦስት ጊዜ ይቀቡት፤ ይህ ዘይት በእንጨቱ ውስጥ ስለሚደርቅ ውሃን ይከለክላል። ዘይቱን የጠጣውን ጨርቅ ግን ጨብጠው በማዕዘን አይጣሉ፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተጠቀለለ ጨርቅም ማንም ሳይለኩሰው ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግተው በደጅ ያድርቁት። ቫርኒሽ ደግሞ ለመጥረቢያ አይመከርም፤ ያዳልጣል፣ መዳፍንም ያቆስላል።

ካራው ሲታጠብ ውሃ ውስጥ አይደር። መጥረቢያው ምድጃ አጠገብ አይቀመጥ። የመጀመሪያው ወር ሲሞላ ዛቢያውን ወደ ጆሮዎ አስጠግተው ብረቱን በጣትዎ ይንኩት፤ የሚያንቃጭል ድምፅ ከሰሙ ሽብልቁን አንድ ጊዜ ይምቱትና እንደ ገና ያዳምጡ።